ለቅኝት ዜማ ኮርድ ሲወጣ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚጣሉት የሠርግ ድንኳኖች ዘፋኙን የሚያጅበው ዛሬ በአብዛኛው ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱ መግባቱ ክፋት የለውም፤ የሚያሳዝነው ብዙ ወጣት ተጫዋቾች ኮርዱን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) ከዜማው ቅኝት (ዜማው ከሚሠራባቸው አምስት ድምፆች) ሳይሆን ከሜጀር ስኬል (ከሰባቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) ልማድ ማውጣታቸውና ቅኝቱ በአጃቢው እጅ መለወጡ ነው።

ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ስህተት በዶ፣ በፋና በሶል ላይ የሚመሠረቱትን ሦስት የተለመዱ ኮርዶች ለማንኛውም ዜማ ማዳረስ ነው። ከቅኝቶቹ አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ያሉት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው። የፋ ኮርድ ፋን፣ የሶል ሰቨንዝ (ባለአራት ድምፁ የሶል ኮርድ) ደግሞ ሲንም ፋንም ከውጭ ያስገባሉ፤ በቅኝቱ ድምፆች ብቻ የሚሠሩት ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ናቸው። ዜማው ሶል ላይ ሲያርፍ ሲን ትቶ ሶልንና ሬን መያዝ ይበቃል፤ ሙላት ካስፈለገም ዶ ይጨመራል። ይህን ስል ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ፈጽሞ አይነካ ማለቴ አይደለም፤ የኢትዮ-ጃዝ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርድ ጋር አዋሕዷል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድምፅ ታስቦበት እንጂ በእጅ ልማድ ሊገባ አይገባም።

በአምባሰል ቅኝት ላይ የሚፈጸመው ስህተት ረቀቅ ያለ ነው። ከዶ የሚነሣው አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት አሉት። መነሻው ዶ አምስተኛውን ሶልን ቢያገኝም ሦስተኛ ድምፅ (ሚ ወይም ሚ ፍላት) ስለሌለው የዶ ኮርድ አይሟላም፤ ተጫዋቹም የተሟላውን ፋ ማይነር ማረፊያ ያደርገዋል። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከፋ ሲቆጠሩ ትዝታ ማይነር ስለሚሆኑ፣ ዘፋኙ አንድም ድምፅ ሳይስት አምባሰሉ በአድማጩ ጆሮ ወደ ትዝታ ይዞራል። ባቲ ማይነር የተባለው ቅኝትም ለዚሁ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ ከዶ የሚነሣው ባቲ ማይነር በሚ ፍላት ሜጀር ከተዘጋ የሚሰማው ትዝታ ሜጀር ነው። ስለዚህ አምባሰልን ዶንና ሶልን ብቻ ይዞ መዝጋት፣ ፋ ማይነርንና ሬ ፍላት ሜጀርን ግን መሸጋገሪያ ማድረግ ይሻላል።

አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት በዶ ሜጀር ማጀብ ግን ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ስለሆኑ ሚም ሶልም የሉትም፤ የኮርዱ ሶል ከዜማው ሶል ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ቤዙ (ዝቅተኛው ድምፅ) ዶን ሲይዝ ከላይ ፋንና ላን ማኖር ማረፊያውን ያጸናል፣ ከቅኝቱም አይወጣም። በእኔ ግምት የቅኝቱ ውጥረት የሚኖረው በዶና በሶል ፍላት መካከል ስለሆነ እርሱን በኮርድ ለማለስለስ መሞከር አያስፈልግም።

ሁለተኛ ድምፅ ሲጨመርም ዜማውን በሜጀር ስኬል ሦስተኛ እየተከተሉ መሄድ የተለመደ ነው፤ በትዝታ ሜጀር ሬ ላይ ፋን፣ ሶል ላይ ሲን ያመጣል። በቅኝቱ ውስጥ አንድ ድምፅ እየዘለሉ መሄድ ይህን ያስቀራል፦ ከዶ ጋር ሚ፣ ከሬ ጋር ሶል፣ ከሚ ጋር ላ ይገጥማሉ። ክፍተቱ አንዳንዴ ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቢሆንም ሁለቱ ድምፆች ከቅኝቱ አይወጡም።

ለእያንዳንዱ የዜማ ድምፅ ኮርድ መቀየርም አይገባም። በችክችካ ምት ኮርዱ ጠንካራው ምት ላይ ካረፈ በመካከል የሚያልፉት ድምፆች የራሳቸው ኮርድ አያሻቸውም፤ በተለይ ዘፋኙ ድምፁን በሚያንቆረቁርበት ቦታ አጃቢው አንዱን ኮርድ ይዞ መጠበቅ አለበት።