ዊንድሰርፊንግ ለመጀመር ሐይቅ የምትፈልጉ፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። የፈጣን መንገዱ መግቢያ ከቤቴ አይርቅም። ስለዚህ ዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ በነፋስ መሄድ) መጀመር ያማረው ሰው ከከተማ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚደውለው ለእኔ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ውሃው የት ነው?» ጥያቄውን እወደዋለሁ። ባሕር በሌለው አገር ሸራ ይዞ ውሃ ላይ መቆም የሚመኝ ወጣት ሲበዛ ደስ ይለኛል። ግን ከጥያቄው በኋላ የሚመጡት ስህተቶችም ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው። አብዛኞቹ ገንዘብና ቀን ያባክናሉ። አንዱ ግን ሕይወት ያስከፍላል፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ቅርብ ስለሆነ ብቻ መግባት

ካርታ ከፍቶ የሚያይ ሰው አዲስ አበባ ዙሪያ ውሃ አያጣም። በአምቦ መንገድ ገፈርሳ አለ። በደሴ መንገድ ለገዳዲ አለ። ከአቃቂ ወረድ ሲባል ደግሞ አባ ሳሙኤል ይገኛል። ገፈርሳና ለገዳዲ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ናቸው። ቦርድ ይዞ መግባት አይታሰብም። ጥበቃዎቹ ሲመልሷችሁ አትከራከሩ፤ ልክ ናቸው።

አባ ሳሙኤል ለእኛ ሰፈር በጣም ይቀርባል። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ግድብ ነው። ዙሪያው ገላጣ ስለሆነ ነፋስም አይጠፋም። ችግሩ ውሃው ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ይዘው የሚወርዱት ወደዚያ ነው። እምቦጭም ወርሶታል። ጀማሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲወድቅ ነው የሚውለው፤ በወደቀ ቁጥር አንድ ጉንጭ ይውጣል። በእግር የሚደረስ ቢሆንም አትግቡበት።

ከሰው በፊት ውሃ መፈለግ

«ውሃው የት ነው?» ከማለት «እዚያ ማን አለ?» ማለት ይሻላል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቦጋያ፣ ሆራ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ኩሪፍቱ፣ ሁሉም ጉግል ላይ አሉ። ጉግል የማይነግራችሁ ሌላ ነው። በየትኛው ግቢ አልፎ ውሃው ጋ ይደረሳል? ሞተር ጀልባ ያለው ማን ነው? ዛሬ ነዳጅ አለው? የአሳ መረብ የተዘረጋው በየት በኩል ነው? ይህን የሚያውቀው እዚያ የሚውል ሰው ነው።

ሰዎቹን ለማግኘት ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሎጆች አንዱ ጋ ገብታችሁ ቡና እዘዙ። ካያክ የሚያከራዩትን ልጆች አናግሩ። ጀልባ የሚነዳውን ሰው ስሙን ጠይቁት፣ ስማችሁንም ንገሩት። ሸራ የሚዘረጋ ሰው ካያችሁ ተነስታችሁ እቃ አግዙት። አብዛኛው ሰው እቃ ላገዘው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ቦርዱን ያውሰዋል። ከዚያ ስልክ ትለዋወጣላችሁ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ትገባላችሁ፣ መኪና ተጋርታችሁ ነዳጅ ታዋጣላችሁ።

ግሩፑ ውስጥ በገባ በመጀመሪያው ደቂቃ «እቃ የሚያከራየኝ?» ብሎ የሚጽፍ አለ። ሰላምታ እንኳ የለም። ማን እንደሆነ፣ ዋና ይችል እንደሆነ አይናገርም። መልስ ሲያጣ «ኩሩዎች ናችሁ» ብሎ ይወጣል። ኩራት አይደለም። እያንዳንዱ ቦርድ ከውጭ በመጣ ሰው ሻንጣና ጭነት ተለምኖ የገባ ነው። ምሰሶው ቢሰበር ምትኩ ወራት ይፈጃል። ለማያውቁት ሰው አይሰጥም።

ጸጥ ያለውን ዳር ማመን

ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዙሪያቸው ገደል ነው። ጀማሪ ይመጣል፣ ዳሩን ይዞራል፣ ውሃው እንደ መስታወት የተኛበትን ቦታ ያገኛል። «እዚህ ይሻላል፣ ነፋስ የለም፣ ለመማር ይመቻል» ይላል። ቦርዱን ያወርዳል። ይህ በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የከፋው ነው!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያ ዳር ጸጥ ያለው ከጀርባው ያለው ገደል ነፋሱን ስለጋረደው ነው። ነፋሱ ገደሉን ተሻግሮ መሃል ሐይቁ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጸጥ ያለው ዳር ማለት ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስበት ዳር ነው። እናንተ ጥላው ውስጥ ሆናችሁ ትቆማላችሁ፣ ሸራውን ታነሳላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ሃምሳ ሜትር ያህል ስትርቁ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይይዛችኋል። አቅጣጫውም አንድ ነው፤ ከተነሳችሁበት ያርቃችኋል። መመለስ ማለት ደግሞ ወደ ነፋሱ እየተጠማዘዙ መውጣት ነው። ጀማሪ ገና ያልተማረው ይህንኑ ነው።

ጥልቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ቢሾፍቱ ሐይቅ እስከ 87 ሜትር ይደርሳል። ዳር ላይ ወገብ የነበረው ውሃ ጥቂት እርምጃ ሲቀጠል ከራስ በላይ ነው። እየረገጡ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ልጅ ባቦጋያ ላይ እንዲሁ አደረገ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዋና ይችላል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ጉልበት አለው። ከምሳ በኋላ ለማንም ሳይናገር ከጸጥተኛው ዳር ገባ። መሃል ሲደርስ ወደቀ። ሸራውን አነሳ፣ ወደቀ። ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። በየመሃሉ ነፋሱ እየገፋ ወሰደው። ሲደክመው ዳሩን አየና ቅርብ መሰለው። ቦርዱን ትቶ መዋኘት ጀመረ። ያዳነው አንድ አሳ አጥማጅ ነው። መረብ ሊያነሳ ወጥቶ ባዶ ቦርድ ሲንሳፈፍ አየ፤ ሰው መፈለግ ጀመረ። ልጁን ሲያገኘው እጁን ማንሳት አቅቶት ነበር። ዳር ሲያደርሰው የተናገረው አይረሳኝም፦ «ልጄ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይዘህ እንዴት ትለቀዋለህ?»

ቦርዱን በፍጹም አትልቀቁ። ቦርዱ ይንሳፈፋል፤ እናንተ ትደክማላችሁ። ቦርድ ከሩቅ ይታያል፤ የሰው ጭንቅላት አይታይም። መመለስ ካቃታችሁ ሸራውን በቦርዱ ጀርባ ላይ አጋድሙት። ራሳችሁ በሆድ ተኙና በእጃችሁ ቅዘፉ። ነፋሱን ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ወደ ጎን ወዳለው ዳር ሂዱ። የምትወጡበት ቦታ ከመኪናችሁ ቢርቅ ምንም አይደለም፣ በእግር ትመለሳላችሁ። ነፋሱ በጣም ካየለ ሸራውን ፈታችሁ ልቀቁትና በቦርዱ ብቻ ቅዘፉ። እርዳታ ስትፈልጉ ሁለቱን እጆች ወደ ጎን ዘርግታችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። በአንድ እጅ ብቻ ብታውለበልቡ ሰላምታ መስሎት መልሶ የሚያውለበልብላችሁ ሰው ይኖራል።

የት ነው ታዲያ የሚገባው? ነፋሱ ከዳሩ ጎን ለጎን የሚሄድበት፣ ወይም ትንሽ ወደ ዳሩ የሚገፋበት ቦታ ፈልጉ። ከመግባታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ መሃሉን እዩ። ውሃው ጠቆር ብሎ የሚሸበሸብበት ቦታ ነፋስ አለ። ገደሉ ጫፍ ላይ ያሉትን ዛፎች እዩ። በመጀመሪያው ቀን ቦርዱ ላይ ረጅም ገመድ አስራችሁ ጫፉን ዳር ለቆመ ሰው ስጡት። ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አያድንም። ዋና የማይችል ደግሞ መጀመሪያ መዋኛ ገንዳ ሄዶ ይማር።

የስልኩን ትንበያ እንዳለ መቀበል

ዊንዲ የሚባለውን የነፋስ ትንበያ መተግበሪያ እኔም እከፍታለሁ። ግን ከሚያሳያቸው ትንበያዎች በጣም የሚታመነው እንኳ የሚያሰላው በ9 ኪሎ ሜትር ስፋት እየከፈለ ነው። ባቦጋያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ገደሉን ስልኩ አያየውም። አጠቃላዩን ቀን ለመገመት ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ጀልባ ነጂውን ጠይቁ። ጠዋት ውሃው ይተኛል፣ ነፋሱ ከረፋድ በኋላ ይነሳል፣ ከሰዓት ይበረታል። ጀማሪ የሚገባው ገና ለስለስ እያለ ሲነሳ ነው። በሰዓት ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ለትምህርት ይበቃል።

የውቅያኖስ ሰው የሰጠውን ምክር እንዳለ መገልበጥ

ዩቲዩብ ላይ «በዚህ ነፋስ 5 ካሬ ሜትር ሸራ ያዝ» የሚለው አስተማሪ የቆመው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ እዚህ የሚገፋው በአንድ ስድስተኛ ያህል አንሶ ነው። ስለዚህ በ5 ፋንታ 6 መያዝ ያስፈልጋል። «ሸራው አይጎትተኝም፣ እኔ ነኝ ችግሩ» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ ሸራው ማነሱ ነበር። ጸሐዩም በዚህ ከፍታ ይበረታል፤ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ቦርድ ቸኩሎ መግዛት

አገር የሚለቅ ፈረንጅ እቃውን ይሸጣል። ዋጋው ያጓጓል። አንዱ ጀማሪ እንዲህ ይዘቱ 100 ሊትር የሆነ ቦርድ ገዛ። ሲያዩት ያምራል፣ ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው። እሱ ራሱ 80 ኪሎ ይመዝናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። ሰውየው 80፣ ቦርዱና ሸራው አንድ ላይ ከ15 በላይ። ይህ ነው የሚባል ትርፍ አልቀረም። ቦርዱ ከእግሩ ሥር እየሰመጠ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ ሳይቆምበት ተወው። ያ ቦርድ ለሠለጠነ ሰው ጥሩ ነው። ለጀማሪ ከ160 እስከ 200 ሊትር፣ ሰፋ ያለ፣ መሃሉ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ክንፍ ያለው ነው የሚሆነው።

ማስቀመጫም አስቡ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሜትር ቦርድ ማውጣት ደረጃው አይፈቅድም። ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ማሰርም ከረዳቱ ጋር ጭቅጭቅ ነው። በአየር የሚነፋው ዓይነት ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ለብዙዎቻችን እሱ ይሻላል። ነፍታችሁ ጸሐይ ላይ አትተዉት።

ወደ ላንጋኖ መቸኮል

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ስፖርት ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። ክፍት ነው፣ ዳሩ አሸዋ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ቡናማ መሆኑ አያስፈራችሁ፣ አፈር ነው። ግን የሐይቁ ስፋት ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሰዓት ማዕበል ይነሳል። ዞሮ መመለስ የማይችል ሰው እዚያ ከተወሰደ ማዶው ሩቅ ነው። ቢሾፍቱ ላይ መዞርን ተማሩ፣ ከዚያ በጋ ላይ ከግሩፑ ጋር ሂዱ።

መንገድ ላይ ዝዋይና ቆቃ ይታዩና ያጓጓሉ። ዝዋይ ቢልሃርዝያና ጉማሬ አለበት። ቆቃ ጉማሬም አዞም አለው፣ ውሃውም በመርዛማ አልጌ አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እለፏቸው።

የሰው ቦታ ላይ መሆናችንን መርሳት

ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ ቦታ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ በበዓሉ ሰሞን ሸራ ይዞ መሄድ ነውር ነው። በሌላውም ጊዜ ሐይቁ ዳር ሣር ይዞ የሚጸልይ ሰው ካያችሁ እቃችሁን ይዛችሁ ራቅ በሉ። አሳ አጥማጆችን መጀመሪያ ሰላም በሉ፤ አፋን ኦሮሞ የምትችሉ በአፋን ኦሮሞ። መረብ የቀደደ ሰው ይካስ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ፣ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት።

አንድ ቀን መጥቶ መጥፋት

ጀማሪ አንድ እሁድ ይመጣል፣ ሃያ ጊዜ ይወድቃል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ከዚያ ለወራት አናየውም። ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ያዙና ተከታትላችሁ ኑ። ክረምት ላይ ከሰዓት ነጎድጓድ ይበዛል፤ ድምፁ እንደተሰማ ከውሃ ወጥቶ ምሰሶውን ማጋደም ነው። ድካም ያለበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ሳትገቡም ኑ። ዳር ላይ ተቀምጦ ውሃ ላይ ያለውን የሚቆጥርና ለጀልባ ነጂው የሚጮህ ሰው ሁልጊዜ ያንሰናል።