የ«ሮሚዮና ጁልየት» ባሌ በፊልም፦ አመራረጥና አተያይ

ባሌ፣ ታሪክን በሙዚቃና በጭፈራ ብቻ የሚያሳይ የመድረክ ጥበብ፣ ንግግር የለውም። ታሪኩን ሳያውቅ ለተቀመጠ ሰው ገና በመጀመሪያው የሰይፍ ግጭት ማን የማን ወገን እንደሆነ ይምታታበታል። የከበደ ሚካኤልን ትርጉም ያነበበ አይቸገርም። ያላነበበ ቢያንስ የሁለቱን ቤተሰቦች ጠብ፣ የምስጢሩን ጋብቻ፣ የማስተኛ መድኃኒቱንና ሳይደርስ የቀረውን መልእክት ይወቅ።

ለጀማሪ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው ፊልም ይሻላል። ርዝመቱ 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ የተቀረጸውም ሃንጋሪ ውስጥ፣ ያለ ተመልካች፣ እንደ ማንኛውም ፊልም ነው። ጉድለቱ ካሜራው ፊት ላይ ሲጠጋ እግር መሰወሩ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ታዋቂዎቹ የባሌ ዳንሰኞች ፎንቴይንና ኑሬየቭ የሚጨፍሩበትን የ1966ቱን ይዩ። የሁለቱም ኮሪዮግራፊ (የጭፈራው ድርሰት) የኬኔት ማክሚላን ስለሆነ አንዱን ትዕይንት ከሌላው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ዳንሰኛዋ ኡላኖቫ የምትጨፍርበት የ1955ቱ የሶቪየት ፊልም ኮሪዮግራፊ ግን የላቭሮቭስኪ ሥራ ነው፤ አብሮ አይነጻጸርም።

የድሮዎቹን ፊልሞች ስክሪን ለመሙላት ብለው አይለጥጡ፤ ዳንሰኞቹ ይወፍራሉ። ምስሉን ካጎሉት ደግሞ እግር ይቆረጣል። አዲስ ቴሌቪዥን ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ቅንብር ያጥፉ፤ ዝላዩን ሰው ሠራሽ ያስመስለዋል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ጨርሶ አይሞክሩት፦ በግብዣው ላይ የባላባቶቹ ጭፈራ ክብደት ያለው በወፍራሞቹ የነሐስ መሣሪያዎችና በባሶቹ ነው፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደግሞ እነሱን ይውጣቸዋል። ጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ። የጁልየት ዘመድ ቲባልት ሲሞት ኦርኬስትራው አንዱን ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች) 15 ጊዜ ይመታዋል፤ ይቁጠሩት።

ብዙ ሰው «ምንም የለም» ብሎ የሚያሳልፈው ጁልየት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ዝም ብላ የምትቀመጥበትን ቦታ ነው። አይዝለሉት። ሰውነቷ አይነቃነቅም፣ ሙዚቃው ግን እየገነፈለ ይሄዳል፤ በምስጢር ወዳጋባቸው መነኩሴ ለመሮጥ የምትወስነው እዚያ ነው። በእኛ ግምት፣ ከዝላዩ ሁሉ የሚከብደው ይህ መቀመጥ ነው።

የሙዚቃው ደራሲ ፕሮኮፊየቭ በ1935 ሙዚቃውን ሲጽፍ መጀመሪያ ያሰበው ፍቅረኞቹን በሕይወት ሊያተርፍ ነበር፦ ሕያው ይጨፍራል፣ በሞት አፋፍ ያለ ግን አይጨፍርም በሚል። ማክሚላን መቃብሩ ውስጥ ሮሚዮን የሞተች ከመሰለችው ጁልየት ጋር አስጨፈረው። ይህን ትዕይንት እንደጨረሱ ወደ በረንዳው ይመለሱና ሁለቱን አከታትለው ይዩ። በረንዳው ላይ ጁልየት ራሷ ተወርውራ ስትነሳ የሚታየው ቅለት፣ መቃብሩ ውስጥ የት የት እንደሚጎድል የሚገባው ክንዷንና አንገቷን በተከተለ ዓይን ነው።