የእባባችሁን ቤት ሙቀትና እርጥበት እንዴት ታስተካክላላችሁ?

እባብ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት እያመነጨ አይኖርም። በዱር ሲበርደው ፀሐይ ወደመታው ድንጋይ ይወጣል፣ ሲሞቀው ጉድጓድ ይገባል። ሳጥን ውስጥ ስናስገባው ይህን ምርጫ የምንሰጠውም የምንነፍገውም እኛ ነን። ስለዚህ ሥራችን ሳጥኑን ዳር እስከዳር እኩል ማሞቅ አይደለም። አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። የቀረውን እባቡ ራሱ ያውቅበታል።

መጀመሪያ የእባቡን ዓይነት እርግጠኛ ሁኑ፤ ቁጥሩ ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። ቦል ፓይተን የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27 ሲሆን ይስማማዋል። እርጥበቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይሁንለት። የሰሜን አሜሪካው ኮርን ስኔክ ከዚህ ትንሽ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቤት ይበቃዋል፦ ሞቃቱ 30 አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 25፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ።

1. ማሞቂያውን አንድ ጫፍ ላይ አድርጉ

ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ ከሆነ ከወለሉ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሸፍን። አምፖል ወይም የሴራሚክ ማሞቂያ ከሆነ እባቡ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ መረብ ከልሉት። ለሌሊት ሴራሚኩ ይሻላል፤ ሙቀት እንጂ ብርሃን አይሰጥም። በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሰው ሠራሽ ድንጋዮችን ግን አልመክርም። አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ይግላሉ፣ እባብ ደግሞ ሆዱን እያቃጠለውም ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

2. ያለ ቴርሞስታት ምንም አትሰኩ

ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ማሞቂያ ብቻውን መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ሙቀቱን እየለካ የሚያበራውና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ገዝታችሁ ሴንሰሩን፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካውን ጫፍ፣ ያለ ቦታው ካስቀመጣችሁትም ጥቅም የለውም። ከሥር ለሚነጠፍ ማሞቂያ ሴንሰሩ ማሞቂያው ላይ መያያዝ አለበት። አየር ላይ ከተንጠለጠለ አየሩ እስኪሞቅ ድረስ ወለሉ እንደ ምጣድ ይግላል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ሴንሰር ከሆነም እባቡ ገፍቶ እንዳያንቀሳቅሰው በደንብ ይታሰር። ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ከተገፋ ቴርሞስታቱ ገና አልሞቀም ብሎ ማሞቁን ይቀጥላል።

ሴንሰሩን ሳጥኑ ውስጥ በፕላስተር አታጣብቁ። ፕላስተር እባብ ላይ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቅርፊቱን ይዞ ይነሳል።

3. እባቡ በሚተኛበት ቦታ ለኩ

ሁለት ዲጂታል ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፣ ለየጫፉ አንድ። ግድግዳው መሃል የሚለጠፈው ባለ መርፌ መለኪያ የዚያን ግድግዳ ሙቀት እንጂ እባቡ ሆዱን ያሳረፈበትን ቦታ አይነግራችሁም። በእጅ እየተያዘ የሚለካው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ደግሞ የሚያነበው የላዩን ሙቀት ብቻ ነው። እባቡ ንጣፉን ቆፍሮ ሲገባ ሥሩ የበለጠ ሊግል ስለሚችል፣ ንጣፉን ገለጥ አድርጋችሁ ታችኛውንም ለኩ።

በየጫፉ መደበቂያ መኖሩን እንዳትረሱ። መደበቂያው በሞቃቱ በኩል ብቻ ከሆነ እባቡ ተሸሽጎ ለመቆየት ሲል ሙቀቱን ችሎ ይቀመጣል።

4. ሙቀቱ ሲረጋ ወደ እርጥበቱ ሂዱ

ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። አየር ሲሞቅ ብዙ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ምንም ሳይቀንስ፣ ሙቀቱን ስትጨምሩ ብቻ መለኪያው ላይ ያለው የእርጥበት መቶኛ ይወርዳል። ዛሬ እርጥበቱን አስተካክላችሁ ነገ ሙቀቱን ከነካካችሁት የትናንቱ ድካም ከንቱ ነው።

ብዙዎች ውሃ ሲረጩ ይውላሉ። እርጥበቱ ለትንሽ ጊዜ ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚተርፈው የራሰ ወለል ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ነገር ላይ የሚተኛ እባብ ሆዱ ሥር ያለው ቅርፊት ይቆስላል። እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። የኮኮናት ቃጫ ወይም እርጥበት የሚይዝ ሌላ ንጣፍ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ። ከዚያ ውሃውን በማዕዘኖቹ በኩል ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሥሩ ይርሳል፣ ላዩ ደረቅ ይሆናል፣ እርጥበቱም ቀስ እያለ ይወጣል።

የሽቦ ክዳን ያለው የመስታወት ሳጥን ከሆነ እርጥበቱ የሚያመልጠው በላይ ነው። ከክዳኑ ግማሽ ያህሉን፣ ከአምፖሉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሸፍኑት። ሙሉ በሙሉ ግን አትድፈኑት፤ የታፈነ አየር ሻጋታ ያመጣል። የውሃ ሳህኑን ሰፋ ማድረግም ይረዳል።

የእርጥበት መለኪያውን ራሱ ለመፈተሽ የገበታ ጨው በትንሽ ውሃ ለውሱ፤ እርጥብ አሸዋ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስገቡትና አንድ ቀን ያህል ተዉት። መለኪያው 75 በመቶ አካባቢ ማሳየት አለበት። 65 ካለ 10 እያነሰ እንደሚያነብ አውቃችሁ ደምሩለት።

5. እባቡ ሳይመጣ ጥቂት ቀን አስኪዱት

ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት ለኩና ጻፉ። የክፍሉ ቅዝቃዜ ሌሊት ላይ ሳጥኑን ምን ያህል እንደሚጎትተው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከገባ በኋላ ደግሞ እባቡን እዩት። ሁሌ ሞቃቱ ጫፍ ላይ ከተጣበቀ ሊበርደው ይችላል፤ ከውሃ ሳህኑ አልወጣ ካለ ሊሞቀው ይችላል። የበላውን ቢመልስ ቅዝቃዜን ጠርጥሩ፤ በቂ ሙቀት ከሌለ ምግቡ አይፈጭለትም። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ካፏጨ ወይም አፍንጫው ላይ አረፋ ከታየ ግን ሳታዘገዩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ዓይኑ ሰማያዊ ጉም የለበሰ ሲመስል ቆዳውን ሊቀይር ነው። ያኔ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ረጥቦ የተጨመቀ ሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅል ለስላሳ ተክል) አስገቡለት፤ ስፋግነም የሚባለው የሞስ ዓይነት ይመቻል። ከእጅ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። የጣለውን ቆዳ አንስታችሁ የጭንቅላቱን በኩል ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። የሁለቱም ዓይኖች ሽፋን አብሮ መውጣት አለበት። ከቀረ በጣታችሁ አትላጡት፤ እርጥበቱን ከፍ አድርጉና ጠብቁ፣ በሚቀጥለው ቆዳ ቅየራም ካልወጣ ለሐኪም አሳዩት።