መድኃኒት የማዘዝ መብት ይሰጠን ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰሞኑን ለልምምድ ከመጡ የነርሲንግ ተማሪዎች ጋር ሻይ ስንጠጣ ወሬው ያው የተለመደው ሆነ። ነርስ መድኃኒት ማዘዝ ይፈቀድላት ነው። እኔም ይፈቀድ ባይ ነኝ። ግን ሐዋሳ ውስጥ ሆስፒታልም ጤና ጣቢያም ስሠራ ደጋግሜ የሰማሁት አነጋገር አለና ዛሬ ልተንፍስ።

«ድሮም የምናዘው እኛው ነን» ትላላችሁ። ኧረ ተዉ! የማታ ዲውቲ ላይ ትኩሳት ያለበት ሰው ይመጣል፣ ሐኪሙ ይደወልለታል፣ «ሴፍትሪያክሰን (በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ) ጀምሩለት፣ ጠዋት እጽፈዋለሁ» ይላል። አንዳንዴ ሳይደወልም ተጀምሮ ጠዋት ይፈረማል። ይሄ በሰው ፊርማ መሥራት ነው። ነገር ሲበላሽ ቻርቱ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው፣ የወጋው እጅ የእናንተ ነው፣ ማን ወሰነ ሲባል ግን ሁለታችሁም አትገኙም። ማዘዝ ማለት ለምን ይህን መድኃኒት እንደመረጣችሁ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ካልተሻለው ምን እንደምታደርጉ ወስናችሁ ከሥሩ የራሳችሁን ስም መጻፍ ነው። አንዷን ተማሪ «ለምን ሴፍትሪያክሰን?» ብላት «እዚህ ለሁሉም እሱ አይደል የሚሰጠው» አለችኝ። ምን ልበላት፣ ያየችው ከእኛ ነው።

ሌላው እንደ ሹመት ማየት ነው። «ከዶክተሮቹ እኩል እንሆናለን» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሻዬን ጨርሼ እነሳለሁ። እንግሊዝ አገር እንኳ ነገሩ በአንድ ቀን አልሆነም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶች በአጭር የመድኃኒት ዝርዝር ጀመሩ፣ በሩ ሰፋ ብሎ የተከፈተው በ2006 ነው። ያም ሆኖ የምታዘው ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ በሙያ መዝገቡ ላይ የተመዘገበችው ነርስ ናት፣ እሷም በምታውቀው ዘርፍ ብቻ።

በእጃችን ያለውን መናቅም አለ። የእኛው አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናት ሳንባ ምች በአሞክሲሲሊን ያክማሉ። ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስም መመሪያውን ተከትላ ትጽፋለች። ግን ስንቶቻችን ነን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ የምንቆጥረው? ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። ሳይቆጥሩ «ሳል ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ መጻፍ ግምት ነው።

ሕፃኑን ሳይመዝኑ ዶዝ መጻፍም አለ። ሚዛኑ እዚያው አጠገባችሁ ነው፣ በቃ።

አሁን የራሴን ልናገር። ከከተማው ወጣ ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሳለሁ አንድ አባት ወገባቸውን ይዘው መጡ። ክኒን ልስጥዎት ስላቸው «ልጄ፣ መርፌ ካልሆነ አይሽረኝም» አሉኝ። ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። ጨጓራን ሊያደማ የሚችለውን የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክን ወጋኋቸው፣ ለቤትም ያንኑ በክኒን ጻፍኩላቸው። ጨጓራ አለብዎት ወይ ብዬ አልጠየቅኩም! እዚህ አገር ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ከባድ መሆኑን እያወቅኩ። በአራተኛው ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ወደ ሆስፒታል ላክናቸው፣ ተረፉ። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ አንድ ቀን ሳይወቅሱኝ ጉንጬን ስመው ሰላም ይሉኛል፣ እሱ ነው የሚብስብኝ። በሐኪም ትእዛዝ ወግቼ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ይህን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።

የመጨረሻው፣ ፋርማሲስት ሲጠይቅ መኮሳተር። አንድ ጊዜ እናትየዋ ወረቀቴን ይዛ ተመለሰች፣ ፋርማሲው «ሲስተር፣ ለስንት ቀን ነው?» ብሏል። ሰው ፊት አዋረደኝ ብዬ ተናድጄ ወረቀቱን ስገልጠው እውነትም ቀኑ የለም። አምስት ቀን ብዬ ጻፍኩበትና መልሼ ላክኋት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጽፈው የቀኑን ቁጥር ነው።