በብርድ ወቅት መስኮት የሚያስከፍት ራዲያተር

ውጭው ብርድ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሰው በካናቴራ ሆኖ መስኮት ከፍቷል። በእንፋሎት የሚሞቁ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው፤ የተቃጠለው ነዳጅ በመስኮት እየወጣ ነው። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨውን ማሞቂያ) መቀየር ድረስ አያደርስም።

መጀመሪያ ራዲያተሩ፣ ማለትም በክፍሉ ያለው በእንፋሎት የሚግል ማሞቂያ፣ ስንት ቧንቧ እንዳለው እዩ። አንድ ከሆነ እንፋሎቱ የሚገባውም፣ ውሃ ሆኖ የሚመለሰውም በዚያው ነው። ሁለት ከሆነ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። መፍትሄው በዚህ ይለያል።

አንዱ ክፍል እሳት፣ ሌላው በረዶ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ጥግ ላይ ያለው ነዋሪ በረደኝ ይላል። ቦይለሩን የሚቆጣጠረው ሰው አዝኖ ረዘም አድርጎ ያነደዋል። ለቦይለሩ ቅርብ የሆኑት ይቀቀላሉ። ስለዚህ ከሚበርደው ክፍል ጀምሩ። እሱ ከተስተካከለ ቦይለሩ ቶሎ ይጠፋል፣ የሌሎቹም ሙቀት ይወርዳል።

በባለ አንድ ቧንቧው፣ አየሩ ካልወጣ እንፋሎት አይገባም። በዋናው ቧንቧ ጫፍ ያለው የአየር ማስተንፈሻ ከተደፈነ ወይም ካነሰ፣ እንፋሎቱ ሩቅ ሳይደርስ ቅርቦቹ ይሞላሉ። እዚያ በደንብ የሚያስተነፍስ ግጠሙ። ቀጥሎ፣ በጣም በሚግሉት ራዲያተሮች ላይ ቀስ ብሎ፣ በሩቆቹ ላይ ፈጠን ብሎ የሚያስተነፍስ አድርጉ። ምድር ቤት ያለው ቧንቧ መሸፈኛው ተቀዶ ከሆነም አልብሱት።

አደራ፣ ግፊት አትጨምሩ። ለመኖሪያ ሕንፃ ብዙውን ጊዜ ከ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በታች ይበቃል።

ቫልቩን በከፊል ስዘጋው ያንኳኳል

ባለ አንድ ቧንቧ ራዲያተር ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። መሃል ላይ ካቆማችሁት ውሃው መመለሻ ያጣል፤ ያንኳኳል፣ በማስተንፈሻውም ውሃ ይተፋል። ሙቀቱን መቀነስ ከፈለጋችሁ በራዲያተሩና በማስተንፈሻው መካከል ቴርሞስታቲክ ቫልቭ ይገጠማል። ክፍሉ ሲሞቅ አየሩን ይይዘዋል፣ እንፋሎቱም መግቢያ ያጣል። ግን አንዴ የገባውን እንፋሎት አያስወጣም። ቦይለሩ ሳያቋርጥ የሚነድ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ።

መመለሻው ቧንቧ ያቃጥላል

ይሄ የባለ ሁለት ቧንቧ ችግር ነው። በራዲያተሩ መውጫ ያለው ስቲም ትራፕ ውሃና አየር አሳልፎ እንፋሎቱን ማስቀረት አለበት። ክፍት እንደሆነ ከተበላሸ እንፋሎቱ ወደ መመለሻው ያልፋል። የሌሎቹ ራዲያተሮች አየር መውጫ ያጣና እነሱ ይቀዘቅዛሉ። የትራፑን ሁለት ጎን በቴርሞሜትር ለኩ፤ እንፋሎት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ስለሆነ በእጅ አትሞክሩት። ሁለቱም ጎን እኩል የሚግል ከሆነ ጠርጥሩት። ብዙ ጊዜ የውስጡን ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል። ከተቻለ የሕንፃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ የቀረው አንዱ ብልሹ ሌሎቹን ይረብሻል።

ሕንፃው በሙሉ ይግላል

ሙቀት እያነበበ ቦይለሩን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ቴርሞስታት የት ነው ያለው? መግቢያ በር አጠገብ ከሆነ ሁሌም ብርድ ነው የሚያነበው። አንድ ነዋሪ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ መስኮት በከፈተ ቁጥር ቦይለሩ ለሕንፃው በሙሉ ይነድዳል። የተለያዩ ቤቶችን ሙቀት አማካይ የሚወስድ፣ የውጭውንም አየር የሚያይ መቆጣጠሪያ ይሻላል።

መስኮቶቹ በቅርቡ ከታደሱ ደግሞ ራዲያተሩ ራሱ ለክፍሉ በዝቶ ይሆናል። ያኔ አንዱ አማራጭ አነስ ያለ መግጠም ነው።