ጥሩ በረኛ ለመሆን፦ ከመወርወር በፊት አቋቋም

ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በከተማችን በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሜዳዎች በረኛ መሆን የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ የሚለማመደው ኳስ ለመያዝ ራሱን ወደ ጎን መወርወርን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቦታውን ያወቀ በረኛ ብዙ ጊዜ ሳይወረወር ኳስ ይይዛል፤ በጠጠር ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ ክርንንም ጉልበትንም ያተርፋል።

1. ጠጠሩን ልቀሙ፤ ረጅም ሱሪ ልበሱ። ለልምምድ ርካሽ ጓንት ይበቃል፤ ውዱን ኮረት ይጨርሰዋል። መዳፉን በውኃ ትንሽ አርጥቡት፤ አቧራ የያዘ ደረቅ ጓንት ኳስ ያንሸራትታል።

2. ግቡን በትክክል ለኩ። ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። ድንጋይ አስቀምጦ በግምት መጫወት ለጨዋታ እንጂ ለበረኛ ልምምድ አይሆንም፤ በጠባብ ግብ የለመደ ዓይን በትልቁ ይሳሳታል።

3. ገመድ ዘርጉ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። 25 ሜትር ያህል የልብስ ማስጫ ገመድ አምጡና ጫፎቹን በሁለቱ ቋሚዎች ግርጌ እሰሩ። መካከሉን ከግቡ መሃል ፊት ለፊት 11 ሜትር ድረስ ስባችሁ ኳሱ ሥር በድንጋይ ያዙት። አሁን መሬት ላይ የምታዩት ሦስት ማዕዘን ለአጥቂው ክፍት የሆነው ግብ ነው። የግቡ መስመር ላይ ስትቆሙ በግራም በቀኝም 3.66 ሜትር መሸፈን አለባችሁ። ወደ ኳሱ 5.5 ሜትር ስትራመዱ ግን ገመዱ በየጎኑ 1.83 ሜትር ብቻ ይርቃችኋል።

ቀጥሎ ጓደኛችሁ ኳሱን ከነገመዱ ወደ ጎን ይውሰደው። በየቦታው፣ ገመዱ በግራና በቀኝ እኩል እስኪርቃችሁ ድረስ ተስተካከሉ። ብዙ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ነው፤ የግቡን መሃል ይዘው ይቀሩና የቅርቡን ቋሚ ክፍት ይተዋሉ። እግራችሁ ሲለምድ ገመዱን ፍቱና ወደ ኋላ ሳትዞሩ ደግማችሁ ሞክሩ።

ገመዱ ስፋትን እንጂ ከፍታን አያሳይም። ብዙ ከወጣችሁ ኳሱ በአናታችሁ ላይ ያልፋል። ስለዚህ አጥቂው አንገቱን ደፍቶ ኳሱን ሲገፋ ወደፊት ቅረቡ፤ ቀና ብሎ ሲያያችሁ ቁሙ። በሚመታበት ቅጽበት ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይርገጡ፤ እየተራመደ የተመታበት በረኛ አቅጣጫ ለመቀየር ይዘገያል።

4. ለሩቅ ምት ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሱ ፍጥነቱን ቶሎ አይቀንስም፣ እንደ ቆላ ሜዳም አይጠመዘዝም።

5. ስትወጡ ወስናችሁ ውጡ፤ ግን በእጅ። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት የብሔራዊ ቡድናችን በረኛ ጀማል ጣሰው ከግቡ ወጥቶ እግሩን ከፍ በማድረጉ በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ፤ ቡድናችን በ10 ሰው ታግሎ 1 ለ 1 ወጣ። በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ እጅ እያለላችሁ እግር አታንሱ። ክልሉን የምታልፉ ከሆነ ኳሱን ቀድማችሁ እንደምትደርሱበት እርግጠኛ ሁኑ፤ ካልሆነ ቁሙና አጥቂውን አዘግዩት፤ ተከላካዮቻችሁ ይደርሳሉ።

6. ከያዛችሁ በኋላ አትዘግዩ። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ በረኛ ኳስ ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። በልምምድ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይቁጠርላችሁ።