123,456,789 ከየትኞቹ ብቸኛ ቁጥሮች ተሠራ? በእጅ የመተንተን ዘዴ

የአንድን ትልቅ ሙሉ ቁጥር ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ቁጥሩ የየትኞቹ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች፣ ብዜት እንደሆነ ነው። እዚህ 123,456,789ን በወረቀትና በእርሳስ እንተነትናለን።

ቁጥሩ በ9 ስለሚያልቅ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 45 ለ9 ስለሚካፈል ግን ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል፤ ድርሻው 13,717,421 ነው። የዚህ ድርሻ የአሃዞች ድምር 26 በመሆኑ 3 ከእንግዲህ አይገባበትም። 7ን፣ 11ን እና 13ን በአንድ ጊዜ ለመፈተን የሦስቱ ብዜት 1,001 መሆኑ ይጠቅመናል፦ ድርሻውን ከቀኝ ጀምረን በሦስት በሦስት አሃዝ ከፍለን ክፍሎቹን እያፈራረቅን ስንቀንስና ስንደምር 421 − 717 + 13 = −283 ይመጣል፤ 283 ለሦስቱም ስለማይካፈል ድርሻውም አይካፈልም።

ብዙ ሰው የሚደክመው ከዚህ በኋላ ነው። ለ17፣ ለ19፣ ለ23 እያሉ በትዕግሥት ማካፈል ትክክለኛ መንገድ ቢሆንም በዚህ ቁጥር ላይ ወደ 500 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ያስተዋወቀውን ዘዴ መሞከር እንደሚገባ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዘዴው ቁጥሩን የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት አድርጎ መጻፍ ነው። የ13,717,421 ዳግም ዘር በ3,703 እና በ3,704 መካከል ስለሚውል ከ3,704 እንነሣለን። 3,704 በራሱ ሲባዛ 13,719,616 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ቁጥራችን ሲቀነስ የሚተርፈው 2,195 የማንም ሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ አይደለም። 3,705 በራሱ ሲባዛ 13,727,025 ሲሆን የሚተርፈው 9,604 ነው፤ ይህም 98 በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው! ስለዚህ አካፋዮቹ 3,705 − 98 = 3,607 እና 3,705 + 98 = 3,803 ናቸው። በሁለት ሙከራ ብቻ የተገኙት ለዳግም ዘሩ ቅርብ ስለሆኑ ነው፤ እጅግ ቢራራቁ ኖሮ ይህ ዘዴ ከማካፈልም የባሰ ያዘግም ነበር።

ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን ሳናረጋግጥ ማለፍ የለብንም። እስከ 13 ያሉት ቀደም ብለው ስለወደቁ 3,607ን ከ17 እስከ 59፣ 3,803ን ደግሞ ከ17 እስከ 61 ላሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ በየትኛውም ቀሪ ይኖራል። እንግዲህ፦

123,456,789 = 3 × 3 × 3,607 × 3,803

3 ሁለት ጊዜ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ስለሚገቡ የአካፋዮቹ ብዛት 3 × 2 × 2 = 12 ነው። የአካፋዮቹ ድምር 13 × 3,608 × 3,804 = 178,422,816 ሲሆን፣ ቁጥሩ ራሱ ሲወጣ የሚቀረው 54,966,027 የቁጥሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ትንተናው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ቁጥሩ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር መሆን አለመሆኑን ለመለየት ነው። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ይቻላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን 3,607 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፤ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር በትንተናው ውስጥ ኢተጋማሽ ጊዜ ከገባ ደግሞ ድምሩ ፈጽሞ አይገኝም።